የኤስኢሲ ቤዝቦል ዋንጫ ውድድር ታሪክ ከኦክስፎርድ 1977 እስከ ሁቨር 2025፦ ቀመሩ ለምን እየተቀያየረ መጣ?

ሁለተኛ ቤዝ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ። የኤስኢሲ (የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ኮንፈረንስ) የቤዝቦል ዋንጫ ውድድር 2025 ላይ 16ቱንም ቡድኖች አስገብቶ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍጻሜው ጥሎ ማለፍ ሆኗል። አንዴ የተሸነፈ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ውድድሩ ለአሥርት ዓመታት የቆመው ሁለቴ ያልተሸነፈ አይወጣም በሚለው ሥርዓት ላይ ነበር። ቤዝቦል አንደኛው ቡድን በመጨረሻው በማንኛውም ቀን ሊሸነፍ የሚችልበት ጨዋታ ነው። እንዲህ ባለ ስፖርት ሁለተኛ ዕድል መከልከል ተገቢ ነው ወይ?

ታሪኩን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ከመነሻው ጀምሩልን፣ ክርክሩን ከዚያ እናስከትላለን። ዓመቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ ካልሆነ አንባቢ ይምታታበታል።

የድሮ መዝገብ

መነሻው 1977 ነው። ከዚያ በፊት ኮንፈረንሱ ለብዙ ዓመታት ሻምፒዮኑን የሚለየው የምሥራቅና የምዕራብ ምድብ አሸናፊዎችን በአጭር ተከታታይ ግጥሚያ በማገናኘት ነበር። 1977 ላይ አራት ቡድኖች ብቻ ወደ ኦክስፎርድ፣ ሚሲሲፒ ተጠሩ፤ አስተናጋጁ ኦል ሚስም በገዛ ሜዳው ዋንጫውን አነሳ። ኦበርን በ1978፣ ሚሲሲፒ ስቴት በ1979፣ ቫንደርቢልት በ1980 ተከተሉ። ከዚያ ፍሎሪዳ 1981፣ 1982 እና 1984ን ወሰደ።

ዛሬ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እስከ 1987 ድረስ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን የሚባለው ይህን ውድድር ያሸነፈው ቡድን ነበር። ከ1988 ጀምሮ ማዕረጉ ለመደበኛው የውድድር ዘመን አንደኛ ተሰጠ። የሜይ ውድድር አሸናፊ ዋንጫውንና ወደ ኤንሲኤኤ፣ ማለትም ወደ አገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ የሚያስገባውን ቀጥተኛ ትኬት ይዞ ቀረ። እኔ እንደማየው ከዚያ ወዲህ የመጣው የቀመር ለውጥ ሁሉ ሥሩ እዚህ ውሳኔ ላይ ነው። ውድድሩ ሻምፒዮን መለያ ሳለ ፍትሐዊነት ይቀድማል፣ ስለዚህም ሁለተኛ ዕድል የግድ ነበር። ማዕረጉ ሲነሳለት ግን ጥያቄው ስንት ቡድን ይግባ፣ ስንት ቀን ይፍጅ፣ የፒቸሮቹን (የኳስ ወርዋሪዎቹን) ክንድ ምን ያህል ያድክም ወደሚለው ዞረ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአራት ወደ ስድስት ቡድን ሰፋ። 1990 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁቨር፣ አላባማ ተስተናገደና ዝናብ ፍጻሜውን ስለከለከለ ኤልኤስዩና ሚሲሲፒ ስቴት ዋንጫውን ተጋሩት። አርካንሳስና ሳውዝ ካሮላይና ገብተው ኮንፈረንሱ 12 አባል ሲሆን ደግሞ ከ1993 እስከ 1995 አንድ ውድድር መሆኑ ቀርቶ ምሥራቁ ለብቻው፣ ምዕራቡ ለብቻው ዋንጫ ተጫወቱ። በምሥራቅ ቴነሲ ሦስቱንም ዓመት ጠራርጎ ወሰደ፤ በምዕራብ ኤልኤስዩ ሁለቱን፣ አላባማ 1995ን። ስለዚህ የቴነሲን የዋንጫ ብዛት ስትቆጥሩ እነዚያ ሦስቱ የምድብ ዋንጫዎች መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ከ2022 እና 2024ቱ ጋር እኩል መቁጠር ተገቢ አይመስለኝም።

1996 ላይ እንደገና አንድ ሆኖ ወደ ሁቨር ተመለሰ። 1997 ወደ ኮለምበስ፣ ጆርጂያ ሄደ፤ ጎልደን ፓርክ የሚባለው፣ ከዓመት በፊት የአትላንታ ኦሊምፒክ ሶፍትቦል የተካሄደበት ሜዳ ነው። ሁለቱንም ዓመት አላባማ አሸነፈ። ከ1998 ጀምሮ ውድድሩ ከሁቨር ወጥቶ አያውቅም፤ 2020 በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ እንጂ ቦታው አልተለወጠም።

ግራኙ

ጋሼ መዝገብ መሠረቱን ጥለውልናል፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ በፒቸር በኩል ልግባ፤ የዚህ ውድድር ቀመር ያለ ፒቸር ሒሳብ አይገባም።

የኤስኢሲ መደበኛ ዘመን 10 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 3 ጨዋታ፣ በጠቅላላ 30 ነው። አንድ ቡድን ሦስት ቋሚ ስታርተሮች (ጨዋታ የሚጀምሩ ፒቸሮች) ይዞ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ያሰልፋቸዋል። እያንዳንዱ 90 እና 100 ኳስ ወርውሮ ሳምንት ያርፋል። የመጨረሻው ሳምንት ግን ተስቦ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ይሆናል፣ ሁቨር ማክሰኞ ስለሚጀመር።

አሁን ቁጠሩ። ሐሙስ 100 ኳስ የወረወረው አንደኛ ፒቸር ማክሰኞ ቢሰለፍ በመካከል ያለው ዕረፍት አራት ቀን ብቻ ነው፤ ረቡዕ ቢሆን አምስት። ከውድድሩ በኋላ ባለው ዓርብ ደግሞ የኤንሲኤኤ ክልላዊ ውድድር (የአገር አቀፉ ውድድር የመጀመሪያ ዙር) ይጀመራል። ረቡዕ የወረወረ እስከዚያ በቂ ጊዜ አለው። ፍጻሜው ላይ እሑድ የወረወረ ግን በመካከል አራት ቀን ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አሰልጣኙ እሑድ ዋንጫ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ምርጡን ልጅ ቡልፔን (የፒቸሮች ማሟሟቂያ) ውስጥ ያስቀምጠዋል። ተመልካች «ለምን አላሰለፈውም?» እያለ ይናደዳል፤ አሰልጣኙ ግን ዓይኑ ያለው ከአምስት ቀን በኋላ ላይ ነው። ኤንሲኤኤ በዲቪዚዮን 1 የውርወራ ቁጥር ገደብ ስላላስቀመጠ ፍርዱ ሁሉ የአሰልጣኙ ነው።

የድሮው ቀመር ምን ያህል እንደሚያስከፍል እነሆ። ስምንት ቡድን በሁለት ባለአራት ቅርንጫፍ ተከፍሎ ይጫወት በነበረበት ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታውን የተሸነፈ ቡድን ዋንጫ ለመውሰድ አምስት ተከታታይ ድል ያስፈልገው ነበር፦ ከተሸናፊዎች ጋር አንድ፣ ከቅርንጫፉ ሁለተኛ ተሸናፊ ጋር አንድ፣ ያልተሸነፈውን ቡድን ሁለቴ፣ ከዚያ ፍጻሜ። በድምሩ ስድስት ጨዋታ፣ 54 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር ነው)፣ በአምስት ቀን ውስጥ። ሦስቱ ስታርተሮች እያንዳንዳቸው ስድስት ኢኒንግ ቢሸፍኑ 18 ብቻ ነው። የቀረውን 36 ኢኒንግ ማን ይወረውራል? ሪሊቨሮች (ስታርተሩን የሚተኩ ፒቸሮች)፣ አንደኛ ዓመት ልጆች፣ ሳምንቱን ሙሉ ያልተሰለፉ። ከስድስተኛው ኢኒንግ በኋላ 12 ለ 9፣ 14 ለ 11 የሚባል ውጤት የሚመጣው ለዚህ ነው።

የሰሌዳ ልጅ

የግራኙን ሒሳብ በጨዋታ ብዛት ላሟላው።

ሁለቴ መሸነፍ በሚያስወጣበት ሙሉ ሥርዓት የጨዋታው ብዛት የቡድኑ ቁጥር በሁለት ተባዝቶ አንድ ወይም ሁለት ሲቀነስለት ነው። አራት ቡድን ከሆነ 6 ወይም 7፣ ስምንት ከሆነ 14 ወይም 15። አሥራ ስድስት ከሆነ 30 ወይም 31። አንድ ሜዳ በቀን አራት ጨዋታ ነው የሚችለው። 31 ጨዋታ ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ ስምንት ቀን ሊፈጅ ነው። አይሆንም። ስለዚህ ቴክሳስና ኦክላሆማ በ2024 ክረምት ሲገቡ ሁለት መንገድ ብቻ ነበር የቀረው፤ አንዳንዱን ቡድን ከሁቨር ማስቀረት ወይም ሁለተኛውን ዕድል ማስቀረት። ሁለተኛው ተመረጠ።

ከዚያ በፊት ከ2013 እስከ 2024 የነበረው የ12 ቡድን ቀመር ድብልቅ ነበር። ማክሰኞ ከ5ኛ እስከ 12ኛ ያሉት በጥሎ ማለፍ አራት ጨዋታ። ረቡዕ የቀሩት ስምንት አራት ጨዋታ፣ ከዚህ ጀምሮ ሁለት ዕድል። ሐሙስ አራት፣ ዓርብ ሁለት። ቅዳሜና እሑድ ግን እንደገና ጥሎ ማለፍ፤ ሁለት ግማሽ ፍጻሜና አንድ ፍጻሜ። ድምሩ 17። አሁን ያለው የ16 ቡድን ጥሎ ማለፍ ደግሞ 15 ጨዋታ ነው። ቡድኑ በአራት ጨምሮ ጨዋታው በሁለት ቀነሰ።

የድብልቁ ቀመር ትልቁ ጉድለት ቅዳሜ ላይ ነበር። ረቡዕና ሐሙስ አሸንፎ ያልተሸነፈ ቡድን ቅዳሜ የሚገጥመው አንዴ የተሸነፈ ቡድን ነው። ሆኖም ሁለቱም አንድ ዓይነት ዕጣ ነበራቸው፤ የተሸነፈ ይወጣል። ያልተሸነፈው ያተረፈው የዓርብን ዕረፍት ብቻ ነው። ሁለተኛው ዕድል ለደካማው ሠርቶ ለጠንካራው አልሠራም ማለት ነው። እኔ ይህን ሳይ ንጹሑ ጥሎ ማለፍ የበለጠ እውነተኛ ሆኖ ይታየኛል።

ሜሮን ከአትላንታ

በዚህ አልስማማም። የሰሌዳ ልጅ የድብልቁን ጉድለት ብቻ ነው ያሳየኸን፤ የሰጠውን ነገር ደግሞ እኔ ልጥቀስ። 2024 ቴነሲ አንደኛ ሆኖ ገባና ረቡዕ በቫንደርቢልት 13 ለ 4 ተደቆሰ። አሁን ባለው ሥርዓት ታሪኩ እዚያ ያበቃል። በዚያ ዓመት ግን ሐሙስ ቴክሳስ ኤኤንድኤምን፣ ዓርብ ሚሲሲፒ ስቴትን፣ ቅዳሜ ራሱን ቫንደርቢልትን፣ እሑድ ኤልኤስዩን 4 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አምስት ጨዋታ በአምስት ቀን። ከዚያ የአገር አቀፉ ውድድር ማጠናቀቂያ ወደሚካሄድባት ኦማሃ ሄዶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በኤንሲኤኤ አንደኛ ደረጃ ተሰጥቶት ዋንጫውን ያነሳ ቡድን ከማያሚ 1999 ወዲህ አልነበረም።

የሚያስገርመው የፒቸሮቹ ጥልቀት ነው። ያ ቡድን ሐሙስ ተሸንፎ ቢሆን እንኳ ምንም አያጣም ነበር፣ አንደኛነቱ ተቆርጧል። ግን ቀመሩ 13ኛና 14ኛ ፒቸርህን ጨርሰህ እንድታሰልፍ ያስገድድሃል። ሁቨር ላይ ሁለት ኢኒንግ የወረወረ የማይታወቅ ልጅ ኦማሃ ላይ ሲጠራ ልቡ አይርድም። ጥሎ ማለፉ ይህን ልምምድ ነው የነሳን።

ኦማሃ

ሜሮን በደንብ ተናግራለች፣ ነገር ግን አንድ ምሳሌ ሕግ አይሆንምና ሌላውን ገጽ እንየው።

ሁቨርንና ኦማሃን በአንድ ዓመት የወሰዱትን ቁጠሩ፦ ኤልኤስዩ 2000 እና 2009፣ ቫንደርቢልት 2019፣ ቴነሲ 2024። ከ1998 ወዲህ እነዚህ ናቸው።

አሁን በሁቨር ተዋርደው ኦማሃ የነገሡትን እዩ። ሳውዝ ካሮላይና 2010 ሁለት ተጫውቶ ሁለቱንም ተሸንፎ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን። ሚሲሲፒ ስቴት 2021 በፍሎሪዳ 13 ለ 1፣ በማግስቱ በቴነሲ 12 ለ 2፤ ሻምፒዮን። ኦል ሚስ 2022 የመጀመሪያ ቀን በቫንደርቢልት 3 ለ 1 ተሸንፎ ሳምንቱን ቤቱ ተቀምጦ አሳለፈ። ወደ ኤንሲኤኤው ከ64 ቡድን መጨረሻ ላይ የገባ ነበር፣ እርሱም ሻምፒዮን ሆነ።

በተቃራኒው 2025 ቫንደርቢልት አራተኛ ሆኖ ገብቶ ኦክላሆማን 6 ለ 1፣ ቴነሲን 10 ለ 0፣ በፍጻሜው ኦል ሚስን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። የኤንሲኤኤ አንደኛ ደረጃም ተሰጠው። ከዚያ በገዛ ሜዳው፣ ናሽቪል ላይ፣ ክልላዊውን ማለፍ አቃተው። ዋንጫውን ያነሳው ኤልኤስዩ ሆነ፤ ሁቨር ላይ በግማሽ ፍጻሜ በኦል ሚስ 2 ለ 0 የተሸነፈው ኤልኤስዩ።

ምክንያቱ ግራኙ ያለው ነው። ቀድሞ የወጣ ቡድን ፒቸሮቹ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ቀን አርፈው ክልላዊው ላይ ይደርሳሉ። እስከ እሑድ የቆየ ቡድን ዋንጫና የደከመ ክንድ ይዞ ነው የሚመጣው። 2025 ቫንደርቢልት ሦስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶም ተሸነፈ፣ እውነት ነው፤ ድካም ብቻውን ሁሉን አይገልጽም። ግን አሰልጣኞቹ ሁቨርን እንዴት እንደሚመዝኑት ይህ ያሳያል። የኤንሲኤኤ መራጭ ኮሚቴ ደግሞ የሚያየው የሙሉውን ዓመት ውጤትና አርፒአይ (የተጋጣሚዎችን ጥንካሬ ጨምሮ የሚሰላ መለኪያ) ነው። ክልላዊውን የሚያስተናግዱት 16 ቡድኖች እሑድ ማታ፣ ሙሉው ሰሌዳ ሰኞ ይወጣል፤ የፍጻሜው ውጤት ሲደርስ ሥራው ባብዛኛው አልቋል።

ሸራ

ስለ ዝናብ ማንም ያላነሳው ገርሞኛል፤ ለእኔ ግማሹ ታሪክ እርሱ ነው።

በሜይ መጨረሻ አላባማ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ መብረቃማ ደመና የታወቀ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ መብረቅ በቅርብ ርቀት ከተመዘገበ ጨዋታው ይቆማል፣ ከመጨረሻው ብልጭታ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አይቀጥልም። ችግሩ አዲስ ብልጭታ ሲመጣ ሰዓቱ ከዜሮ መጀመሩ ነው። ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ብልጭ ካለ እንደገና 30። በላዩ ላይ ሸራውን ለማንሳት፣ ውሃውን ለመጥረግ፣ በቤዞቹ ዙሪያ አፈር ለመጨመር፣ ፒቸሮቹ እንደገና እስኪሞቁ ድረስ ሌላ ጊዜ ይጨምራል። ስታርተሩ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ከቀዘቀዘ ብዙ አሰልጣኝ መልሶ አያወጣውም። ስለዚህ በሦስተኛው ኢኒንግ የመጣ ዝናብ 70 ኳስ የቀረውን ፒቸር ይወስድብሃል፣ በነገው ጨዋታ ያሰብከውን ሪሊቨር ዛሬ ታወጣለህ፣ እቅዱ በሙሉ ይፈርሳል።

አራት ጨዋታ ባለበት ቀን መርሐ ግብሩ በግምት ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል፣ ቀን 7፣ 10 ሰዓት ተኩል፣ ማታ 2 ሰዓት ነው። የቁርጥ ሰዓት ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የቀሩት የፊተኛው ካለቀ በኋላ ይጀምራሉ። ጠዋት የጠፋች አንድ ሰዓት ማታ ላይ ትከፈላለች። 2019 ላይ ኤልኤስዩና ሚሲሲፒ ስቴት በመጨረሻው ተራ ተሰልፈው 17 ኢኒንግ ተጫወቱ። ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቶ ሚሲሲፒ ስቴት 6 ለ 5 ሲያሸንፍ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር።

17 ጨዋታ በስድስት ቀን ሲሆን ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሙሉ ናቸው፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ክፍት ቦታ የለም። በአዲሱ ቀመር ሙሉ የሆኑት ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ናቸው። ሐሙስና ዓርብ ሁለት ሁለት ሩብ ፍጻሜ። ዝናብ ሐሙስን ቢወስድ ዓርብ ላይ አራት መጫወት ይቻላል። ለእኔ የጥሎ ማለፉ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። በ1990 እንደሆነው ዋንጫ ለሁለት የሚካፈልበት ዕድል በጣም ይጠባል።

የድሮ መዝገብ

ሸራ ስለ ሜዳው በር ከፍቷል፣ እኔም ስለ ቦታው ጥቂት ልጨምር። ሁቨር ሜት 1988 የተከፈተ፣ 10,800 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው። የተሠራው ለበርሚንግሃም ባረንስ፣ ለፕሮፌሽናል ቡድን ነው። ማይክል ጆርዳን በ1994 ቤዝቦል የተጫወተው እዚሁ ነበር። ባረንስ 2013 ላይ ወደ በርሚንግሃም መሃል ከተማ፣ ወደ ሪጅንስ ፊልድ ሲዛወር ሁቨር ትልቅ ሜዳ ይዞ ያለ ቋሚ ቡድን ቀረ። ለኮንፈረንሱ ግን ይህ ገጸ በረከት ሆነ፤ በሜይ መጨረሻ ሜዳውን የሚሻማ ባለቤት የለም። አጠገቡ ያለው የፊንሊ ሴንተር አዳራሽም ለደጋፊዎች ዝግጅት ይውላል።

መጠኑም ጨዋታውን ይቀይራል። በሁለቱ ዳር መስመሮች 340 ጫማ፣ መሃል ላይ 405 ነው። በዳር 330 የሆነ ሜዳ ላይ ያደገ መቺ በራሱ ሜዳ ሆም ረን የምትሆንለት ኳስ ሁቨር ላይ አጥሩ ሥር ትያዛለች። ፈጣን ሴንተር ፊልደር ያለው ቡድን እዚህ ይጠቀማል።

ብዙ ቡድን ለኮንፈረንሱ የትኛው ከተማ ይሻላል እያለ ይከራከራል። ከቱስካሉሳ እስከ ሁቨር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ አላባማ ያተርፋል የሚሉም አሉ። መዝገቡ ግን ከ2003 ወዲህ አላባማ አንድም ዋንጫ አለማንሳቱን ነው የሚያሳየው። በብዛት የሚመራው ኤልኤስዩ ነው፣ 12 ዋንጫ። ከ2008 እስከ 2010 ሦስቱን በተከታታይ ወስዷል፤ የ2010ሩን ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ ነው።

ሁለተኛ ቤዝ

ጋሼ መዝገብ፣ ኤልኤስዩ 2010 ስምንተኛ ሆኖ መውሰዱን ማንሳትዎ ጥሩ ሆነ። ግን ይህ የጥሎ ማለፍ ክርክርን ይደግፋል ወይስ ይቃወማል? ዝቅ ያለ ቡድን ዋንጫ የሚወስደው በየትኛው ይበልጣል?

የሰሌዳ ልጅ

በስምንት ቡድኑ የሁለት ዕድል ሥርዓት ስምንተኛ የነበረ ቡድን ልክ እንደ አንደኛው ቡድን ነበር የሚጀምረው፤ የጨዋታው ብዛት እኩል ነው። አሁን ግን ደረጃው ራሱ ዋጋ አለው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ሁለት ዙር ሳይጫወቱ ቀጥታ ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ፣ ሦስት ድል ይበቃቸዋል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ አንድ ዙር ያርፋሉ፣ አራት ድል። ከ9ኛ እስከ 16ኛ ማክሰኞ ይጀምራሉ፣ አምስት ድል።

በፒቸር ስትቆጥረው ልዩነቱ ይጎላል። አራተኛው ቡድን 27 ኢኒንግ፣ ማለትም ሦስት ስታርተሮቹን አንድ አንዴ። ዘጠነኛው ደግሞ 45 ኢኒንግ፣ ያውም ከመጨረሻው የኮንፈረንስ ሳምንት በኋላ ሁለት ቀን ብቻ አርፎ። ስለዚህ ጥሎ ማለፉ ሁሉን ለዕጣ የተወ ይምሰል እንጂ ሸክሙን በታችኞቹ ላይ ነው የጫነው። በመደበኛው ዘመን አራተኛና አምስተኛ መሆን መካከል ይህን ያህል ልዩነት ስለተፈጠረ የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታዎች ክብደት ጨምረዋል።

ቀይ ስፌት

የኤሲሲን (የአትላንቲክ ዳርቻ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ) መንገድ ካላነሳን ክርክሩ ጎደሎ ነው። ኤሲሲ ሁለት ዕድል ለመስጠት ሌላ ዘዴ ሞከረ፤ የምድብ ጨዋታ። ከ2017 እስከ 2024 12 ቡድን በአራት ምድብ፣ ሦስት ሦስት። እያንዳንዱ ሁለት ጨዋታ ይጫወታል፣ የምድቡ አንደኛ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። ሦስቱም አንድ አንድ ካሸነፉ በደረጃ የሚበልጠው ያልፋል።

ጥሩ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሕመም አለበት። በምድቡ ያሉትን በደረጃ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንበላቸው። ለ እና ሐ መጀመሪያ ተጫውተው ለ አሸነፈ። ቀጥሎ ሀ ከሐ ጋር ይጫወታል። ሀ ቢያሸንፍ ከለ ጋር ያለው ጨዋታ አላፊውን ይወስናል። ሀ ቢሸነፍስ? ከለ ጋር ተጫውቶ ካሸነፈ ሦስቱም አንድ አንድ ይሆናሉ፣ በደረጃ ሀ ያልፋል። ስለዚህ የሀ እና የሐ ጨዋታ ምንም አይወስንም። ሐ ቀድሞ ለን አሸንፎ ከሆነ ደግሞ በተራው የሀ እና የለ ጨዋታ ባዶ ይሆናል። በማንኛውም መንገድ ብትሄዱ ከሀ ሁለት ጨዋታ አንዱ ከንቱ ነው። አሰልጣኝ ይህን ካወቀ በዚያ ጨዋታ ላይ ስታርተሩን አያወጣም። ደጋፊ ትኬት ከፍሎ የሚያየው የሪሊቨሮች ልምምድ ይሆናል።

2025 ላይ ኤሲሲም 16 ቡድን ይዞ ወደ ጥሎ ማለፍ ዞሯል። ሁለቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች በአንድ ዓመት አንድ መልስ ላይ መድረሳቸው የሚነግረን አለ። እያንዳንዱ ጨዋታ ትርጉም እንዲኖረው ከተፈለገ በ16 ቡድን ሌላ መንገድ አይገኝም።

ሜሮን ከአትላንታ

የምድቡን ድክመት እቀበላለሁ፣ ቀይ ስፌት አጥርተህ አስቀምጠኸዋል። ግን አሁን ያለውም ሥርዓት ከባዶነት አላመለጠም። 2025 ላይ ኤስኢሲ 13 ቡድን ወደ ኤንሲኤኤ አስገባ፣ ከ16ቱ አስተናጋጆች ስምንቱም የእርሱ ነበሩ። እንዲህ ከሆነ በላይ ላሉት ስምንቱ ሁቨር ምን ይጨምርላቸዋል? አንድ ጨዋታ ተሸንፎ ፒቸሮቹን አሳርፎ መሄድ ይሻላል ብሎ የሚያስብ አሰልጣኝ ይኖራል። በሁለት ዕድሉ ጊዜ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለ ቡድን ቢያንስ ሁለት ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ አሁን አንድ ብቻ ተጫውቶ ሊሄድ ይችላል። ከሩቅ ከተማ ነድቶ ለመጣ ደጋፊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው እስከ ሩብ ፍጻሜ ያለውን አሁን እንዳለው ትቶ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ቡድኖች ሁለት ዕድል መስጠት ነው። አራት ቡድን 6 ወይም 7 ጨዋታ ነው፤ የ1977ቱ ቀመር ማለት ነው።

ግራኙ

ሜሮን፣ ሐሳቡ ያምራል፣ ቀኑ ግን አይበቃም። ሩብ ፍጻሜው ዓርብ ነው የሚያልቀው። ቅዳሜና እሑድ ስድስት ወይም ሰባት ጨዋታ ማስገባት ማለት አንድ ቡድን በሁለት ቀን አራት ጨዋታ ሊጫወት ነው። አንድም አሰልጣኝ አይፈርምበትም። ሰኞን ልትጨምሪ ብትይ ደግሞ የኤንሲኤኤው ሰሌዳ የሚወጣበት ቀን ነው።

አዲስ ተመልካች

ሰላም፣ ክሩን ሙሉ አነበብኩት፣ ተባረኩ። ለሚቀጥለው ውድድር በቴሌቪዥን ልከታተል ነው። ሰሌዳውን ስከፍት ምኑን አስቀድሜ ልይ? 2025 ላይ ተጫዋቾች ራሳቸውን በእጅ ሲነኩ አይቼ አልገባኝም ነበር፣ ያ ምንድነው?

የሰሌዳ ልጅ

እንኳን ደህና መጣህ። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ አራቱን የሩብ ፍጻሜ ቦታዎች ፈልግ። አንደኛው የሚጠብቀው ስምንተኛው ካለበት መስመር የሚወጣውን ነው፣ አራተኛው አምስተኛው ካለበት፣ ሁለተኛው ሰባተኛው ካለበት፣ ሦስተኛው ስድስተኛው ካለበት። ከዚያ ቡድንህ ማክሰኞ ነው፣ ረቡዕ ነው ወይስ ከሐሙስ ወዲያ የሚጀምረው የሚለውን ለይ። ያንን ካወቅህ ስንት ድል እንደሚቀረው ታውቃለህ።

ቀጥሎ የስታርተሩን ስም እየው፤ ከዓመቱ የዓርብ ፒቸር ከሆነ ቡድኑ በእርግጥ ሊያሸንፍ መጥቷል። በየሳምንቱ አጋማሽ የሚሰለፈው ልጅ ከሆነ ዓይናቸው ክልላዊው ላይ ነው። ሌላ የሚጠቅምህ ሕግ፣ ከሰባት ኢኒንግ በኋላ ልዩነቱ 10 ከደረሰ ጨዋታው ያበቃል። ፒቸር ስለሚቆጥብ በዚህ ውድድር ቀላል ነገር አይደለም።

ቀይ ስፌት

ራስ መንካቱን እኔ ልመልስ። 2025 ሁቨር ላይ የኳስና የስትራይክ ዳኝነትን (ውርወራው በተፈቀደው ክልል አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለውን) በካሜራ የማስመርመር ሥርዓት ተሞክሯል። ዳኛው እንደ ቀድሞው ይፈርዳል፤ መቺው፣ ፒቸሩ ወይም ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ካልተስማማ ወዲያው ኮፍያውን ወይም ሄልሜቱን በእጁ ይነካል፣ ውጤቱም ሰሌዳው ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ቡድን በጨዋታ ሦስት ዕድል አለው። ትክክል ከሆነ አይቀነስበትም፣ ከተሳሳተ አንዱን ያጣል።

ስትከታተል ካቸሩን አስተውል። መቺው ተናዶ ሊጠይቅ ይችላል፣ ካቸሩ ግን ኳሷ የገባችበትን ቦታ በትክክል ስላየ ዕድሉን በጥንቃቄ ነው የሚያወጣው። በሁለተኛው ኢኒንግ ባዶ ቤዝ ላይ ያባከናት ዕድል በዘጠነኛው፣ ቤዞቹ ሞልተው 3 ለ 2 ቆጠራ ላይ ስትፈለግ አትገኝም።